ፈሩን ሳትይዝ ማሽን አትግዛ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቡሬ አካባቢ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ የፎርክሊፍቱን መንገድ የሚያሳየው ቢጫ መስመር ሊጠፋ ደርሷል። ውጭ አስፋልቱ ላይ ደግሞ የ20 ተሳቢ መኪና ማቆሚያ አለን፤ እሱም ደብዝዟል። በየዓመቱ በሲባጎና በሩሎ እናስቀባለን። ግን አዲሱ ከአሮጌው ጎን እየወጣ ሁለት መስመር ይሆንብናል። አሁን አለቆቼ ራሱ እየሄደ የሚቀባ ሮቦት ቪዲዮ አይተው እናስመጣ እያሉ ነው። ያዋጣል? በትክክልስ ይቀባል?»

እንዴት ከረምክ ወንድምዓለም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንተ ግቢ ሮቦት አያስፈልግም። የሚያስፈልግህ የአንድ ቀን ቀያሽ፣ አስር የማይሞሉ የኮንክሪት ምስማሮችና በእጅ የሚገፋ የመስመር መርጫ ማሽን ነው። ማሽኑንም ብትከራየው ይሻላል። ግን ይህን ብቻ ይዘህ አለቆችህ ፊት ብትቀርብ አይሰሙህም። ቪዲዮ ያየ ሰው በባዶ ቃል አይመለስም። ስለዚህ ምክንያቱን ላስረዳህ።

ከሂሳቡ እንነሳ። 20 ማቆሚያ 21 መስመር ይፈልጋል። አንዱ መስመር 18 ሜትር ቢሆን 378 ሜትር መጣ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን 400 ሜትር እንበለው። በድምሩ 780 ሜትር ገደማ ነው። በእጅ የሚገፋው ማሽን በሰው እርምጃ ይሄዳል። 780 ሜትር በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። መቆም መነሳቱን፣ ባልዲ መቀየሩን፣ ሻይ መጠጣቱን ብትጨምርበት እንኳ ግማሽ ቀን አይሞላም። ታዲያ ለምንድን ነው እናንተ ሦስት አራት ቀን የምትቆዩት? ሜትር ስትዘረጉ ነዋ። ሲባጎ ስትወጥሩ፣ «ትንሽ ወደ አንተ፣ አይ አይ፣ ወደኔ» ስትባባሉ። ሮቦቱ የሚያተርፍልህ ይህንኑ የልኬት ጊዜ ነው። በዓመት አንዴ ለምትሠራው 780 ሜትር ዶላር ፍለጋ መንከራተት አያዋጣም። በየሳምንቱ ሌላ ግቢ የሚያሰምር ተቋራጭ ብትሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

ሮቦቶቹ ግን የዋዛ አይደሉም፣ ልክ ነው። የዴንማርኩ ተርፍ ታንክ የኳስ ሜዳ ያሰምራል። እዚያው ዴንማርክ የሚሠራው ታይኒ ሞባይል ሮቦትስ ደግሞ መንገድ ላይ ቀቢዎቹ የሚከተሉትን ምልክት ቀድሞ እየሄደ ይነጥባል። የኢስቶኒያው ቴንላይንስ ለመኪና ማቆሚያ የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ሮድፕሪንዝ መኪና ላይ በተገጠመ የሮቦት ክንድ አስፋልት ላይ ቀስትና ጽሑፍ ይስላል፤ ሠራተኛው ከመኪናው ሳይወርድ ማለት ነው። ይህኛውን በጣም ነው የምወደው። ሲኖትራክ በሚከንፍበት መንገድ መሀል ጎንበስ ብሎ ቀስት መቀባት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የሁሉም ጭንቀት ግን አንድ ነው፤ «አሁን የት ነው ያለሁት?» ስልክህ ላይ ያለው ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። በዚህ መስመር አይሰመርም። ስለዚህ እነሱም እኛ ቀያሾች አርቲኬ የምንለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። አንዱ መቀበያ ቦታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ ይተከላል። ቤዝ ይባላል። ቤዙ የቆመበትን ስለሚያውቅ ከሳተላይት የሚመጣው ልኬት በስንት እንደሳተ ያያል። እርማቱን በሬዲዮ ወይም በኢንተርኔት ለሚንቀሳቀሰው መቀበያ፣ ሮቨር ለምንለው፣ ይልክለታል። ያኔ የሚንቀሳቀሰው እስከ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል።

ለአዲስ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ምንም ማለት አይደለም። ማንም አያይብህም። የድሮው መስመር ገና ከሚታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያቺ 2 ሴንቲ ሜትር እንደ ጥላ ከጎን ብቅ ትላለች። አንተም ያስቸገረህ ይኸው ነው። ለዚህ ነው የመንገድ መስመር ደግመው ለሚቀቡ ትልልቅ ማሽኖች ካሜራ የተጨመረላቸው። ካሜራው የድሮውን ቀለም እያየ የቀለሙን አፍንጫ በላዩ ያስኬዳል።

ከሁሉም የሚከብደው የተቆራረጠው መስመር ነው። አሜሪካኖቹ 3 ሜትር ገደማ ቀብተው 9 ሜትር ገደማ ይተዋሉ። ማሽኑ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሴኮንድ 2.8 ሜትር ይጓዛል። የቀለሙ ቫልቭ ለመክፈት የሴኮንድ አንድ አስረኛ ቢዘገይ 28 ሴንቲ ሜትር አለፈህ። ስለዚህ ማሽኑ ቦታው ላይ ሳይደርስ ቀደም ብሎ መክፈት አለበት። ፍጥነቱ ሲቀያየርም ማስቀደሚያው አብሮ መቀየር አለበት። ይህን ሰው በእጁ ሲሠራው ሁልጊዜ ትንሽ ይስታል። ኮምፒውተር ሲሠራው ያምራል። ግን ካሜራው የሚያየው ነገር ይፈልጋል። መስመሩ ጨርሶ ከጠፋ ካሜራው ከአንተ የበለጠ አያይም። እንዲያውም የጎማ ዱካውን ወይም የተደፈነውን ስንጥቅ መስመር ነው ብሎ ተከትሎት ሊሄድ ይችላል።

(የመንገድ መሀል መስመር አባት ከሚባሉት አንዱ ኤድዋርድ ሃይንስ ነው፣ ሚሺጋን፣ 1911። ሐሳቡ የመጣለት የወተት ጋሪ እያንጠባጠበ ሲሄድ መንገዱ ላይ የቀረውን ነጭ ዱካ አይቶ ነው ይባላል። ያኔ ካሜራም ሳተላይትም አልነበረም።)

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። የጎጃም ሰው ስለሆንክ በእርሻ ላስረዳህ። ገበሬው በሬውን ጠምዶ ማሳ ሲገባ መጀመሪያ ፈር ያወጣል። የመጀመሪያው ፈር ከጠመመ የቀረው ትልም ሁሉ እሱን ተከትሎ ይጠማል። በሬው ጥጋበኛ ቢሆን፣ ሞፈሩ አዲስ ቢሆን አያድንም። የአንተ ፈር ያ የደበዘዘው ቢጫ መስመር ነው። ዛሬ ገና ይታያል። ፈሩን ሳይለቅቅ ካልያዝከው ግን የሚመጣው ዓመት ላይ ሮቦትም ብታመጣ «የት ላስምር?» ብሎ የሚጠይቀው አንተኑ ነው።

እኔም ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ባህር ዳር አንድ ግቢ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ እያሰመርን ነበር። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ቀን ሸጋ ሄደ። ማታ ቤዙን ነቅለን ገባን። በማግስቱ ረዳቴ እኔን ሳይጠብቅ ቤዙን እዚያው አካባቢ ተከለው። የትናንቱን ነጥብ ከማስገባት ይልቅ «አሁን ያለሁበትን ተቀበል» የሚለውን ተጫነ። መሣሪያው በደስታ ተቀበለ። ፊክስ ያዘ፣ ማለትም ቦታዬን በትክክል አገኘሁ አለ፤ ስህተቱ 1 ሴንቲ ሜትር ነው አለን። እኛም አምነን ነጠብን፣ ቀባን። መስመሮቹ እርስ በርስ ልክ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ያምራሉ። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው መጣና ዝም ብሎ አየ አየና «ልጆች፣ ይሄኛው በሩ መሀል ላይ ምን ይሠራል?» አለን። የሁለተኛው ቀን መስመር በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሜትር ከምናምን ሸሽቶ ኖሯል። መሣሪያው አልዋሸም። የለካው ከተሳሳተ ቤዝ ነበር፣ ያንን ደግሞ በ1 ሴንቲ ሜትር ለክቶታል። ቀለሙን ፍቆ ማውጣቱ ከመቀባቱ የበለጠ ቀን በላ። ከዚያ ወዲህ የቀለም ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ሮቨሩን ትናንት የተመታች ምስማር ላይ አቆማለሁ። የትናንቱን ቁጥር ካላነበበልኝ ማንም አይንቀሳቀስም።

አለቆችህ ሮቦቱን የሙጥኝ ካሉ የእኛን አካባቢ ነገሮችም ንገራቸው። ግቢው ቀን በመኪና ስለሚጨናነቅ «ማታ እንሥራ» ማለታቸው አይቀርም። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። እዚህ ሰማይ ላይ ያለው በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የያዘው የአየር ንጣፍ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይረበሻል። በዚያ ውስጥ የሚያልፈው የሳተላይት ምልክትም ይንቀጠቀጣል። በተለይ መጋቢትና መስከረም አካባቢ፣ ፀሐይም ብርቱ በሆነችበት ዓመት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ፊክስ መልቀቅ የተለመደ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተሠራ ቪዲዮ ይህን አይነግርህም። ማታ መሥራት ግድ ከሆነ ነጥቡን ቀን ንጠብ፣ ማታ በሰው እጅ ቀባ።

የግቢያችሁን የድሮ ሳይት ፕላንም ተጠንቀቁበት። ብዙው የተነሳው አዲንዳን በሚባለው በቆየው የልኬት መነሻ ነው። ሮቦቱ የሚናገረው በሳተላይቱ መነሻ ነው። ሁለቱ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሳይቀየር ብትሰጠው መኪና ማቆሚያህን የጎረቤት በቆሎ ማሳ ላይ ነው የሚያሰምርልህ።

መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ይኸ ሁሉ አይሠራም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳተላይት የለም። እዚያ ሮቦት የሚመራው በቶታል ስቴሽን ነው። መሣሪያው ጥግ ላይ ቆሞ ሮቦቱ ጀርባ ላይ ያለውን መስታወት በጨረር እየተከተለ የት እንዳለ ይነግረዋል። በሚሊ ሜትር ነው የሚለካው፣ ከአርቲኬ ይበልጣል። ችግሩ መሀል ላይ ጆንያ ከተደረደረ ጨረሩ ይቆረጣል። እህሉን ሳታወጣ አይሆንም ማለት ነው።

አሁን ሥራውን ልንገርህ። ማለዳ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች፣ ወይም ማታ መብራት አጥፍተህ፣ ወለሉ ላይ ተንበርከክ። የእጅ ባትሪህን መሬቱ ላይ አጋድመህ አብራ። ቀን ላይ የማታየው መስመር ጠርዙ ከብርሃኑ በኩል ብልጭ ይላል። ቀለሙ ቢረገጥም ትንሽ ውፍረት ቀርቶታል፣ ጥላ ይጥላል። አንድ ልጅ ጠመኔ ይዞ ይከተልህ። የእያንዳንዱን መስመር ሁለት ጫፍና መታጠፊያውን ብቻ በመስቀል ምልክት አድርጉ። ከጠርዙ ሳይሆን ከመስመሩ መሀል። አንዱን በግራ ጠርዝ አንዱን በቀኝ ጠርዝ ከያዝክ ያው ወደ ሁለት መስመርህ ተመለስክ።

ሲነጋ ቀያሹ ይምጣና እነዚያን መስቀሎች አንድ በአንድ ይልቀማቸው። ውጭውን በሮቨር፣ ውስጡን በቶታል ስቴሽን። አብሮም በየዓመቱ ልኬቱ የሚነሳባቸውን ቢያንስ አራት ምስማር ይምታ። ምስማሮቹ አስፋልት ላይ አይሁኑ፤ አስፋልት በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በከባድ መኪና ይገፋል። የኮንክሪት ጠርዝ ላይ፣ የአጥር መሠረት ላይ፣ የመጋዘኑ ምሰሶ ሥር ይሁኑ። የነጥቦቹን ቁጥር በወረቀት አትመህ ቢሮህ ስቀለው። ልጆቹ ስልክ ቀይረው ፋይሉ ስንት ጊዜ ጠፍቶብኛል መሰለህ።

ቀያሽ እስኪመጣ በሜትር ለመሥራት ከወሰንክ ደግሞ ያቺን የድሮ ስህተት አትድገማት። የአንዱን ማቆሚያ ስፋት ለክተህ፣ ከዚያ ላይ ተነስተህ ሌላውን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን አትለካ። በየማቆሚያው 1 ሴንቲ ሜትር ብትስት ሀያኛው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሜትሩን አንዴ ዘርጋው። ዜሮው አንድ ምስማር ላይ ይቀመጥ። ሁሉንም ከእሱ አንብብ። የጥጉን ቀጥታ ለማረጋገጥ ግንበኞቹ የሚያውቋት 3፣ 4፣ 5 ትበቃሃለች፤ ከጥጉ በአንዱ ጎን 3፣ በሌላው 4 ከለካህ የሁለቱ ጫፍ ርቀት 5 መሆን አለበት። ለግቢ ግን 6፣ 8፣ 10 ሜትር አድርገህ አሳድጋት። በትንሿ የሳትካት ጣት ያህል ጫፍ ላይ ክንድ ትሆናለች።

ቀለሙን በተመለከተ፣ መስመሩን 10 ሴንቲ ሜትር ብታሰፋው 780 ሜትሩ 78 ካሬ ሜትር ነው። ሲረጭ 0.38 ሚሊ ሜትር ያህል እርጥብ ውፍረት ይበቃዋል። ሲባዛ 30 ሊትር ገደማ ይመጣል። ለብክነት ትንሽ ጨምርበት። አንዳንድ ሻጭ ጥቅጥቅ ያለውን የመንገድ ቀለም፣ እስከ 180 ወይም 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ተሞቆ ቀልጦ የሚፈሰውን፣ ሊሸጥልህ ይሞክራል። እሱ ለአውራ መንገድ ግሩም ነው። ለአንተ ወለል ግን ምድጃ ተሸክሞ መዞር ነው። በብርሃን እንዲያበራ የሚበተነው የብርጭቆ ፍሬም የውጭው ላይ ብቻ ይሁን። ግማሽ አካሉ ቀለሙ ውስጥ ሰምጦ ግማሹ መውጣት አለበት፤ ሙሉ ከሰመጠ አያበራም፣ ካልሰመጠ በጎማ ይነቀላል። መጋዘን ውስጥ ከተበተነ ግን ሰው ያንሸራትታል።

የውስጡን በኤፖክሲ፣ ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ በሚደርቀው ጠንካራ ቀለም፣ ብታደርገው የፎርክሊፍት ጎማ ይቋቋማል። በአኳራጅ ወይም በቲነር የሚቀጥን ቀለም እህል ካለበት ቤት አታስገባ። ሰሊጥ ሽታ ይስባል። ሠራተኛውም ይታፈናል።

ማሽኑን ስትከራይ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ሞተሩ። የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ ጉልበቱ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቡሬ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ለልኩ ብቻ የሚበቃ ትንሽ ሞተር ያለው ማሽን እዚህ ያነክሳል። ሁለተኛ፣ አፍንጫው። ጫፉ ሲበላ መስመሩ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይበተናል። ትርፍ አፍንጫ ከሌለው ማሽኑን አትውሰድ። ቀለሙን ሁልጊዜ በአሮጌ ነጠላ አጥልለህ ጨምር። አንዲት ጓጓላ ግማሽ ቀን ታስቀምጥሃለች።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር። ይህ ማሽን ቀለሙን ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት ሊያወጣው ይችላል። አፍንጫው ሲደፈን በጣት ለመጥረግ የሚሞክር ልጅ ይኖራል። ቀለሙ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከውጭ ሲታይ እንደ እሾህ ወጋት ነው፤ ደም እንኳ ላይኖረው ይችላል። ውስጥ ግን ጣት የሚያስቆርጥ ነገር ነው። ከሆነ በጨው ውኃ እጠበው ብሎ ማደር የለም፤ ወዲያውኑ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነም ቆርቆሮውን ይዞ።

ጊዜውን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ሰኔና ሰኞ እንዲገጥምብህ ካልፈለግህ ከኅዳር እስከ የካቲት ሥራው። ጠዋት ጤዛ አለ፤ ከ4 ሰዓት በፊት ውጭ አትጀምር። ውስጥ ደግሞ ከመቀባትህ በፊት ባለው ቀን ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተህ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው። በማግስቱ ከሥሩ ውኃ ካበቀለ ወለሉ እርጥበት ይተፋል። ያንን ሳታደርቅ የቀባኸው ኤፖክሲ እንደ እንጀራ ነው የሚላጠው። የዘይት እድፍ ካለም በሳሙና ታጥቦ ይፋቅ። ወለሉን ስትፍቁ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። በነጠላ ሳይሆን በእውነተኛው ማስክ።

ከአሮጌዎቹ ሁለት መስመሮች የማትፈልገውንም ፍቀህ አውጣው። ጥቁር ቀለም አትድፋበት። ብዙ ቦታ ያንን ያደርጋሉ። ዝናብ ሲጥልና መብራት ሲያርፍበት ጥቁሩም ያበራል። ሾፌሩ ደግሞ የቱን ልከተል ይላል።

አለቆችህ አሁንም ሮቦት ካሉ ከሻጩ አንድ ነገር ይጠይቁ። ቀለም ሳይሆን ውኃ ሞልቶ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ፣ ቀያሹ በለቀማቸው ነጥቦች ላይ አንድ ረድፍ ይንዳው። ውኃው ሳይደርቅ አንተ ሜትር ይዘህ ከምስማሯ ለካ። በማግስቱ ቤዙን ነቅሎ፣ እንደገና ተክሎ፣ ያንኑ ረድፍ ይድገመው። የሁለቱን ቀን ልኬት ጎን ለጎን ጽፈህ ላክልኝ፣ ያኔ ስለ ዋጋው እናወራለን።